«ሞራ ነው» እየተባለ የሚቆየው ግላኮማ፦ ዓይነቶቹና ሕክምናው

ቦንጋ፦ በካፋ ዞን፣ የቡና መገኛነቷ በሚነገርላት ማንኪራ፣ ጥቅምትና ኅዳር የለቀማ ወራት ናቸው። በጥላ ዛፎች ሥር ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው እየለዩ መልቀም ከእጅ ይልቅ የዓይን ሥራ ነው። ከቤተሰቡ መካከል አንድ አዛውንት ፍሬውን መለየት ሲሳናቸው ወይም በለመዱት የጫካ መንገድ ሲደናቀፉ፣ ከልጆችም ከጎረቤትም የሚሰማው አስተያየት ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «የዕድሜ ነገር ነው፤ ሞራ ጀምሯቸዋል፤ ሲበስል ይገፈፍላቸዋል።» ከዚያም የሞራ ገፈፋ ዘመቻ ወደ አካባቢው እስኪመጣ ይጠበቃል።

በርግጥም ሞራ ከሆነ፣ መጠበቁ የሥራ ጊዜን ቢያባክንም ብርሃንን ለዘለቄታው የሚያሳጣው ከስንት አንዴ ነው። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ማለት በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ መደፍረስ ነው፤ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካ፣ ለዓመታት ሳያይ የኖረ ሰው እንኳ ማየት ይችላል። ግላኮማ ግን ሌላ ነው። ግላኮማ የሚጎዳው ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ነው፤ ይህ ነርቭ አንዴ ከሞተ የሚተካው ነገር እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ ሁለቱም «ዓይኔ ደከመ» በሚል አንድ ቃል ቢገለጹም፣ መጠበቅ በአንደኛው መዘግየት ብቻ ሲሆን በሌላኛው መታወር ነው።

ችግሩ የዕውቀትም ጭምር ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለዓይን ሕክምና ዘመቻ የመጡ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ጎልማሶችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት፣ ስለ ግላኮማ የሚያውቁት 2.4 በመቶው ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። እነዚህ ስለ ዓይናቸው ተጨንቀው፣ ሕክምና ፍለጋ ከቤታቸው የወጡ ሰዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላ አገሪቱ የተካሄደው የዓይነ ስውርነት ዳሰሳ ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አመልክቶ ነበር። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነው። ትራኮማ ያስከተለው የዓይን ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ ደግሞ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። አምስት በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይቀለበሳል፤ ትራኮማም በፊት ንጽሕና፣ በመድኃኒትና በቀዶ ሕክምና እየተገታ ነው። በግላኮማ የታወረ ሰው ግን እንደታወረ ይኖራል። በዓለም ደረጃም ሊቀለበስ የማይችል ዓይነ ስውርነትን በማስከተል ግንባር ቀደሙ ግላኮማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 76 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከሕመሙ ጋር ይኖሩ እንደነበር ተገምቷል።

የተደፈነ ቦይ

የዓይን ኳስ ቅርጹን ይዞ የሚቆየው በውስጡ በሚዘዋወር ጥርት ያለ ፈሳሽ ግፊት ነው። ይህ ፈሳሽ እንባ አይደለም። እንባ ዓይንን ከውጭ ያጥባል፤ ይህኛው ግን ብሌኑን ከሚከበው ባለቀለም ክፍል ኋላ ይመነጭና በብሌኑ በኩል ወደ ፊት ያልፋል፤ ባለቀለሙ ክፍል ከዓይን ፊተኛ ግልጽ ሽፋን ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይም ወንፊት በመሰለ ማጣሪያ ሾልኮ ወደ ደም ሥር ይገባል። ቀንና ሌሊት ይመነጫል፤ ቀንና ሌሊት ይፈሳል።

ለገበሬ ይህን ለማስረዳት ከማሳ የተሻለ ምሳሌ የለም። ምንጩ ሳይቆም የማፋሰሻው ቦይ ከተደፈነ ውኃው ማሳው ላይ ይተኛል፤ ቅጠሉ ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ከሥር መበስበስ ይጀምራል። በግብርና ኮሌጅ የአፈር ውኃ ትምህርት ስንማር መምህራኖቻችን ደጋግመው የሚነግሩን ይህንኑ ነበር፦ ቅጠሉ ሲጠወልግ ካያችሁ ሥሩ ቀድሞ ሄዷል። የዓይን ሥር ከዓይን ኋላ ወደ አንጎል የሚዘልቀው ነርቭ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ሲሆን፣ ግፊት ሲበዛበት ክሮቹ ጥቂት በጥቂት ይሞታሉ። ሰውየው የዕይታ ጉድለት ሲሰማው ከክሮቹ ብዙዎቹ ሞተዋል።

በአብዛኛው ጤናማ ዓይን ውስጥ ግፊቱ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው መካከል ይሆናል። ይህ ቁጥር ግን ብቻውን አይፈርድም። ግፊታቸው ከ21 በላይ ሆኖ ነርቫቸው ሳይጎዳ ለዓመታት የሚቆይ ሰዎች አሉ፤ በተቃራኒው ግፊታቸው ልከኛ በሚባለው ክልል ውስጥ እያለ ነርቫቸው የሚጎዳም አሉ። ስለሆነም ተገቢ ምርመራ ግፊትን መለካት፣ የነርቩን ራስ በመሣሪያ መመልከት፣ ሲቻልም የጎን ዕይታን ስፋት መለካት ነው። የደም ግፊት መለካት የዓይን ግፊትን አያሳይም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ይህን መጥቀስ ያስፈለገው «ግፊቴ ደህና ነው ተብያለሁ» የሚለው መልስ የተለመደ ስለሆነ ነው።

ቦዩ የሚደፈንባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የግላኮማ ዓይነቶች የሚለዩትም በዚሁ ነው፤ ዓይነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ደግሞ ለሕክምና የሚቀረው ጊዜ ስንት እንደሆነ ስለሚናገር ነው።

ዝም ብሎ የሚሄደው

በአፍሪካ እጅግ የተለመደው ባለ ክፍት ማዕዘን ግላኮማ የሚባለው ነው። የቦዩ አፍ ክፍት ነው፤ ማጣሪያው ግን ደለል እንደያዘው ቦይ ቀስ በቀስ ማሳለፍ ይሳነዋል። ግፊቱ በወራትና በዓመታት ይጨምራል። ሕመም የለውም፤ አይቀላም፤ አያሳክክም። የሚጠፋው በመጀመሪያ የጎን ዕይታ ነው። የመሐሉ ዕይታ እስከ መጨረሻው ድረስ ሊቆይ ስለሚችል ሰውየው ገንዘብ ይቆጥራል፣ መጽሐፍ ያነባል፣ የቡናውን ፍሬም ይለያል። አንደኛው ዓይን የሌላኛውን ጉድለት ይሸፍናል፤ አንጎልም የጎደለውን በግምት ይሞላዋል።

ምልክቱ የሚታየው በኑሮ ውስጥ ነው። ከጎን ያለፈን ጎረቤት ሰላም ሳይል ያልፋል፤ ሰው «ኮራ» ብሎ ይታዘበዋል። በቦንጋ አስፋልት ሲሻገር ከጎን የመጣውን ሞተር ሳይክል አያይም። ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ የወጣ ማር ቆራጭ ከመሐል ያለውን ቅርንጫፍ እያየ ከጎኑ ያለውን ይስተዋል፤ በካፋ ጫካ ውስጥ ይህ የዓይን ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል አንድ ቀላል ነገር አለ። አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኖ በሌላው ብቻ ፊት ለፊት ወደ አንድ ነገር መመልከት፣ ከዚያም ዓይንን ሳያንቀሳቅሱ ከግራና ከቀኝ፣ ከላይና ከታች የሌላ ሰው ጣት ሲንቀሳቀስ ይታይ እንደሆነ መሞከር ነው። ብዙዎች አንደኛው ዓይናቸው ማየት ማቆሙን ያወቁት በአጋጣሚ ሌላውን ሸፍነው ነው። ሙከራው ጉድለት ካሳየ በቶሎ መመርመር ያሻል። ጉድለት አለማሳየቱ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ ጅማሬው በጣት አይታወቅምና።

ለዚህ ዓይነቱ ይበልጥ የሚጋለጡት ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ፣ በቅርብ ርቀት ብቻ አጥርተው የሚያዩና ከሁሉም በላይ በቤተሰባቸው ግላኮማ ያለባቸው ናቸው። በአፍሪካውያን ዘንድ በሽታው ከሌሎች ይበልጥ በለጋ ዕድሜ ይጀምራል፤ ይበረታልም። እናት ወይም አባት፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ካለባቸው የሌሎቹ የቤተሰብ አባላት ዕድል ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ከፍ ይላል። ሐኪም ለአንድ ሰው «ግላኮማ አለብዎ» ሲል በተዘዋዋሪ ለልጆቹና ለወንድም እህቶቹም እየተናገረ ነው።

በአገራችን ሊጠቀስ የሚገባው ሌላ ዓይነትም አለ። በአረጋውያን ዓይን ውስጥ፣ በሌንሱ ፊትና በብሌኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ፎረፎር የመሰለ ብናኝ ይከማቻል፤ ብናኙም ማጣሪያውን ይደፍነዋል። በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህ ሁኔታ በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም መሆኑን አሳይተዋል። ግፊቱ ከተለመደው ይበልጥ ከፍ ይላል፤ ጉዳቱም ይፈጥናል። ከሞራ ጋር አብሮ መገኘቱ ደግሞ አሳሳቹ ነገር ነው። ሞራው ለሁሉም ይታያል፤ ከኋላው ያለው ግላኮማ ግን የሚታየው ለመረመረው ብቻ ነው። ሞራው ተገፎ ዕይታ ሳይመለስ የሚቀርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ምች የመሰለው

ሁለተኛው ዋና ዓይነት ባለ ዝግ ማዕዘን ግላኮማ ነው። እዚህ ቦዩ ደለል አልያዘም፤ አፉ ላይ በር ተዘግቶበታል። ባለቀለሙ የዓይን ክፍል ወደ ፊት ተገፍቶ ማዕዘኑን ይዘጋዋል። በአፍሪካ ከክፍቱ ያነሰ ሰው ቢይዝም ድንገት ሲመጣ ጊዜ አይሰጥም። ዓይን ይቀላል፤ ብርቱ ሕመም ከዓይን ተነሥቶ ወደ ግንባርና ወደ ጭንቅላት ይወጣል፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተላል፤ ዕይታ ይደበዝዛል፤ በኩራዝ ወይም በአምፖል ዙሪያ የቀስተ ደመና ቀለበት ይታያል። የተዘጋ ዓይን በጣት በስሱ ሲነካ ከሌላኛው ይበልጥ ድንጋይ ሆኖ ይሰማል።

ራስ ምታትና ትውከት በአንድ ላይ ሲመጡ በአካባቢያችን ቀድሞ የሚታሰበው ምች ወይም ወባ ነው። ዳማ ከሴ ይጨመቃል፤ በሽተኛው ተሸፋፍኖ ይተኛል። ዳማ ከሴውን ማሽተት ለዚህ በሽታ አይጠቅምም፤ የሚጎዳው የሚያባክነው ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ የምንቆጥረው ሰዓታትን ነው። ዓይኑ የቀላና የደበዘዘ፣ ራሱን የሚያመውና የሚያስመልሰው ሰው በዚያው ቀን፣ በዚያው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ሐኪሞች በመጀመሪያ ግፊቱን በሚዋጥ ወይም በሚወጋ መድኃኒትና በጠብታ ያወርዳሉ። ከዚያም በሌዘር ወይም በቀዶ ሕክምና በባለቀለሙ ክፍል ላይ ትንሽ ቀዳዳ በማበጀት ፈሳሹ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ይከፍታሉ። ይህ ሐሳብ የቆየ ነው፤ ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም አልብሬኽት ፎን ግሬፈ ከባለቀለሙ ክፍል ቁራጭ በማውጣት ግላኮማን ማከም እንደሚቻል ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። ያልታመመው ሁለተኛው ዓይንም የተፈጥሮ አሠራሩ ተመሳሳይ ስለሆነ በዚያው ወቅት ይታከማል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ አረም ማንሣት ተገቢ ነው። በየማሳው ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው አስተናግር በውስጡ ብሌንን የሚያሰፋ ንጥረ ነገር አለው። ማዕዘናቸው ጠባብ በሆነ ሰዎች ላይ የብሌን መስፋት በሩን ሊዘጋው ይችላል። አስተናግር ነቅሎ በዚያው እጅ ዓይንን ማሸት፣ ይባስ ብሎም ጭማቂውን ለመድኃኒትነት መጠቀም አደገኛ ነው።

በሌላ ምክንያት የሚመጣው

ግላኮማ በሌላ በሽታ ወይም ጉዳት ሳቢያም ይከሰታል። በገጠር ይበልጥ ልንጠነቀቅለት የሚገባው፣ መከላከልም የሚቻለው ይህኛው ነው።

አንደኛው ራሱ ሞራ ነው። «ሲበስል ይገፈፋል» ተብሎ ከመጠን በላይ የቆየ ሞራ ሊያብጥና ማዕዘኑን ሊዘጋ፣ ወይም ሊሟሟና ማጣሪያውን ሊደፍን ይችላል። ስለዚህ ሞራን መጠበቅ ጉዳቱ ጥቂት ነው ያልነው ወሰን አለው፤ ለዓመታት የነጣ ዓይን ድንገት ከቀላና ካመመ አስቸኳይ ነው። በድሮው የቀዶ ሕክምና ዘዴ ሞራው «እስኪበስል» ይጠበቅ ነበር። ዛሬ ግን አያስፈልግም፤ ሥራን ማወክ ከጀመረ ሊወጣ ይችላል።

ሌላው በዓይን ላይ የሚደርስ ምት ነው። እንጨት ሲፈለጥ የሚፈናጠር ስንጥር፣ አጉብጠው ሲለቅሙለት ቆይተው ሲለቁት ተመልሶ የሚገርፍ የቡና ቅርንጫፍ፣ ከብት የሚነዱ ልጆች ጅራፍ፣ የኳስ ምት። ቁስሉ ይድናል፤ ዓይኑም ደህና ይመስላል። በውስጥ የተቀደደው ማጣሪያ ግን ጠባሳ እያበጀ ሄዶ ከወራት ወይም ከብዙ ዓመታት በኋላ ግፊት ሊያስከትል ይችላል። በልጅነቱ አንድ ዓይኑን ተመትቶ የነበረ ሰው ጎልማሳ ከሆነ በኋላም ያንን ዓይን ማስመርመሩ ብልህነት ነው፤ ለሐኪሙም ምቱን መንገር አይዘንጋ።

ሦስተኛውን ሳስብ ያሳስበኛል። ልጆች በአቧራና በአለርጂ ዓይናቸውን ሲያሳክካቸው፣ ወላጆች ከመድኃኒት መደብር ጠብታ ይገዛሉ። ከእነዚህ ጠብታዎች መካከል እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ያለባቸው ማሳከኩንና መቅላቱን በአንድ ሁለት ቀን ጸጥ ያደርጋሉ፤ ስለሚወደዱም ጠርሙሱ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል፤ ለጎረቤት ልጅም ይመከራል። ለሳምንታትና ለወራት ያለ ክትትል ሲደረግ ግን በብዙዎች ላይ የዓይን ግፊትን ይጨምራል፤ ሞራም ያስከትላል። ልጁ ማሳከኩ ስለቆመለት ደስ ይለዋል፤ ነርቩ ግን እየሞተ ነው። መድኃኒቱ መጥፎ አይደለም፤ ሐኪም በልኩ ሲያዝዘው ዓይንን ያድናል። ጥፋቱ ያለ ማዘዣ መግዛቱና መደጋገሙ ነው። ስኳር ሕመም ለብዙ ዓመታት ሳይቆጣጠሩት ሲቀርም፣ በዓይን ውስጥ የማይገቡ የደም ሥሮችን እያበቀለ ማዕዘኑን የሚዘጋ እጅግ ብርቱ ግላኮማ ያመጣል።

ጨቅላ ሕፃናትም ከዚህ በሽታ ነፃ አይደሉም። የሕፃን ዓይን ገና ለስላሳ በመሆኑ ግፊት ሲበዛ ይለጠጣል፤ ዓይኑ ትልቅና የሚያምር መስሎ ሰው ያደንቀዋል። ብርሃን ሲያይ ፊቱን የሚያዞር፣ ያለ ልቅሶ ሁልጊዜ የሚያለቅስ የሚመስል፣ የዓይኑ ፊት እንደ ጉም ነጣ ያለ ሕፃን ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። የእርሱ ሕክምና በዋናነት ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ በሳምንታት ውስጥ መደረጉና ከወራት በኋላ መደረጉ የዕድሜ ልክ ልዩነት ያመጣል።

ጠብታ፣ ሌዘር፣ ቀዶ ሕክምና

ሕክምናው ሁሉ አንድ ዓላማ አለው፤ ግፊቱን ማውረድና የቀረውን ነርቭ ማቆየት። የጠፋውን አይመልስም። ይህ በግልጽ ካልተነገረ ሰው ይከፋል፤ «ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ምንም አላየም»፣ «ጠብታው ለውጥ የለውም» እየተባለም ወሬው ቀበሌውን ያዳርሳል፤ ሌላውም ይቀራል። በግላኮማ ሕክምና ለውጥ አለማየት ማለት፣ ዕይታው ባለበት ከቆመ፣ ሕክምናው ሠርቷል ማለት ነው።

ከጠብታዎቹ በስፋት የሚገኘው ቲሞሎል ነው። በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይጨመራል። ከዓይን ወደ አፍንጫ በሚወስደው ቀዳዳ በኩል ወደ ደም ስለሚገባ፣ አስም ላለበት ወይም የልብ ምቱ ዝግ ላለ ሰው አደገኛ ነው፤ ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው። ላታኖፕሮስት ግን በቀን አንድ ጊዜ፣ በምሽት የሚደረግ ብርቱ መድኃኒት ነው። ያልተከፈተው በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ከሙቀትና ከፀሐይ ርቆ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያገለግላል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት በምድጃ ዳር ሳይሆን በቀዝቃዛ ጥላ ሥር ያኑረው። ሌሎችም አሉ፤ አንዱ ካልተስማማ ሌላው ይሞከራል።

አደራረጉ ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። እጅ ታጥቦ፣ ራስ ወደ ኋላ ዘንበል ተደርጎ፣ የታችኛው ቆብ ሲሳብ በሚፈጠረው ኪስ ውስጥ አንድ ጠብታ ብቻ ይበቃል። ከዚያም ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በጣት ጫን ማለት መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይሄድ ያደርጋል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ያለው ሰው በመካከላቸው አምስት ደቂቃ ይጠብቅ።

ትልቁ ፈተና ግን ማቋረጥ ነው። የቡና ገበሬ ገንዘብ የሚያገኘው በዓመት አንድ ወቅት ነው፤ ጠርሙሱ ግን በየወሩ ያልቃል። በክረምት ወራት፣ እጅ ባጠረበት ጊዜ፣ የማያምና የማይታይ በሽታ መድኃኒት ከወጪዎች ሁሉ ቀድሞ ይሰረዛል። ይህን መረዳት ይቻላል፤ ይሁንና ግፊቱ ጠብታው በቆመ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል መሆን እዚህ ላይ ይጠቅማል። አባልነቱን ቡናው በተሸጠበት ወቅት ማደስ፣ ሕክምናውንም ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ደረጃውን ጠብቆ መሄድ ያስፈልጋል፤ ደረጃውን ዘሎ የሄደ ሰው ወጪውን ራሱ ሊሸፍን ይችላልና። ለጸበል ወይም ለጾም ብለው ጠብታ የሚያቋርጡ ወገኖችም አሉ፤ ጠብታው ከጸሎት ጋር ጠብ የለውም፤ ጥርጣሬ ያለው የሃይማኖት አባቱን ይጠይቅ እንጂ በራሱ አያቁም።

ለዚህ የማቋረጥ ችግር ተስፋ የሚሰጠው ሌዘር ነው። በማጣሪያው ላይ የሚተኮስ ረጋ ያለ ብርሃን ፈሳሹ እንዲያልፍ ያግዛል፤ በተመላላሽ ሕክምና በደቂቃዎች ያልቃል። በሰሜን ታንዛኒያ ሞሺ ከተማ በሚገኘው የኪሊማንጃሮ ክርስቲያን ሕክምና ማዕከል 201 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ሌዘርን ከቲሞሎል ጋር አነጻጽሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ ግፊቱ በተፈለገው ልክ የተገታው ሌዘር ከተደረገላቸው ዓይኖች በ61 በመቶው፣ ጠብታ ከሚደረግባቸው ደግሞ በ31 በመቶው ነበር። የሞሺ ገበሬም ቡና አብቃይ ነው፤ ኑሮው ከእኛ ብዙ አይርቅም። ሌዘር ኃይሉ ከዓመታት በኋላ ሊደክም ይችላል፤ ክትትልንም አያስቀርም። መሣሪያው የሚገኘው ግን በጥቂት ትልልቅ ማዕከላት ብቻ ነው።

ጠብታና ሌዘር ካልበቁ ወይም ሕመምተኛው ከሩቅ የሚመጣና ክትትሉ የማይመቸው ከሆነ ቀዶ ሕክምና ይመረጣል። በስፋት የሚሠራበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኬርንስ የተዋወቀ ነው። በላይኛው ቆብ ሥር፣ ፈሳሹ የሚወጣበት አዲስ ማፋሰሻ ይከፈታል፤ በሌላ አነጋገር የተደፈነውን ቦይ ትቶ ሌላ ቦይ መቅደድ ነው። ለአንዳንዶች ትንሽ ቱቦ ይቀበርላቸዋል። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዓይን ከዓመታት በኋላም ቢሆን ከቀላ፣ ካመመ ወይም መግል ከያዘ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ አለበት፤ አዲሱ ቦይ ለባክቴሪያም መግቢያ ሊሆን ይችላልና።

የቀደሙት የግላኮማ ጠብታዎች የተገኙት ከዕፅዋት መሆኑን የሚያነሡ አሉ፤ እውነት ነው። አንደኛው በዛሬዋ ናይጄሪያ ካላባር አካባቢ ከሚበቅል ባቄላ፣ ሌላኛው ከብራዚል ቁጥቋጦ ቅጠል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተገኝተዋል። ነገር ግን በልክ ተጣርተው የተዘጋጁ ናቸው። የካላባሩ ባቄላ ራሱ ገዳይ መርዝ ነው። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ መጨመር ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ቡናስ?

በካፋ ስለ ግላኮማ ሲነሣ የማይቀር ጥያቄ ነው። ቡና ግላኮማ አያመጣም። ግላኮማ ባለባቸው ሰዎች ላይ ካፌይን ከተጠጣ በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ግፊቱን በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በብሪታንያ ከ120 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት፣ በብዙኃኑ ላይ ካፌይንና ግላኮማን የሚያያይዝ ነገር አላገኘም፤ በዘር የወረሱት ተጋላጭነት እጅግ ከፍተኛ በሆነ ሰዎች ላይ ግን ብዙ ካፌይን መውሰድ ከበሽታው መብዛት ጋር ተያይዟል። በእኔ ግምት ከዚህ የሚወሰደው ምክር ቀላል ነው። ግላኮማ የሌለበት ሰው አቦል፣ ቶናና በረካውን በሰላም ይጠጣ። ግላኮማ ያለበት ወይም በቤተሰቡ ያለ ሰው ከረከቦቱ ሳይርቅ ሲኒውን ይቀንስ፤ ምን ያህል እንደሚጠጣም ለሐኪሙ ይንገር። በነገራችን ላይ ውኃም ቢሆን አንድ ሊትር ያህል በአንድ ትንፋሽ ሲጠጣ የዓይን ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል፤ ጥቂት በጥቂት መጠጣት ይሻላል።

የት ይኬዳል?

ከማንኪራ የተነሣ ሰው መንገዱ በጤና ጣቢያ አድርጎ ቦንጋ ወዳለው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ሪፈር ተጽፎለት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዓይን ስፔሻሊስቶች ወደሚሠሩበትና ወደሚሠለጥኑበት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። ቦንጋ ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መንገዱ ለአንድ ቀን ሥራ መፍታት ማለት መሆኑን አናጣውም፤ ስለዚህም ወደ አካባቢው የሚመጣ የሞራ ዘመቻ ሲኖር ዕድሉን መጠቀም ይገባል። ለዘመቻው የቀረበ ሰው፣ ሞራ የለብህም ተብሎ ቢመለስ እንኳ፣ «የዓይን ግፊቴ ይለካልኝ፣ ነርቡም ይታይልኝ» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው በየሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ ቢመረመር መልካም ነው፤ በቤተሰቡ ግላኮማ ያለበት ከዚያ ቀደም ብሎና በየዓመቱ። ግላኮማ የተገኘበት ሰው ለክትትል ሲሄድ የሚጠቀምባቸውን ጠብታዎች ጠርሙስ፣ የቀድሞ የግፊት ልኬት የተጻፈበትን ካርድ፣ የጤና መድን መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን ይያዝ። ከቻለም አንድ ወንድሙን ወይም እህቱን ይዞ ይሂድ፤ በዚያው መንገድ የእነርሱም ግፊት ይለካል።